የባዶ ወንበሮች ባላባት

በዚህ ዓለም ላይ ሰው ያልጎደለበት የመንግሥት መሥሪያ ቤት የለም፤ ሰው በጎደለበት መሥሪያ ቤት ሁሉ ደግሞ አንድ ደራቢ አይጠፋም። ደራቢ ማለት የራሱ ወንበር እያለው የሌላውንም ወንበር "ለጊዜው" ተብሎ የሚሸከም ሰው ነው። እናንተም ታውቁታላችሁ። ጉዳይ ይዛችሁ አንዱን በር ስታንኳኩ የሚቀበላችሁ እሱ ነው። "ይህ እዚህ አይደለም፣ ከኮሪደሩ መጨረሻ ነው" ብሎ ይሸኛችኋል። የኮሪደሩን መጨረሻ በር ስትከፍቱም ያው እሱ ተቀምጦ ይጠብቃችኋል። እንዴት እንደቀደማችሁ እግዜር ይወቅ።

የእኛ ደራቢ ጋሽ ደርብ ይባላሉ። ስሙን ያወጣላቸው መሥሪያ ቤቱ ነው እንጂ እናታቸው አይደሉም። እኔ በምሠራበት የክፍለ ሀገር አስተዳደር አንድ ሠራተኛ ጡረታ በወጣ፣ በተዛወረ ወይም የተሻለ አግኝቶ በሄደ ቁጥር አንዲት ደብዳቤ ትመጣለች። "ሌላ ሰው እስኪቀጠር ድረስ ደርበው እንዲሠሩ" ትላለች። ሌላ ሰው አይቀጠርም። ጋሽ ደርብም ደብዳቤዋን አንብበው፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው፣ ሁልጊዜ የሚሏትን ይላሉ፤ "ምን ችግር አለ፣ እሱንም ወዲህ በሉት!"

እንግዲህ በሙሉ ማዕረጋቸው ልጥራቸው። ክቡር የንብረት ክፍል ኃላፊ፤ ክቡር የግዢ ሠራተኛ፤ ክቡር የተሽከርካሪ ስምሪት፤ ክቡር ተጠባባቂ የሰው ኃይል አስተዳደር፤ ክቡር የዲሲፕሊን ኮሚቴ ሰብሳቢ፤ ክቡር ቃለ ጉባኤ ያዥ፤ ከምሳ በኋላ ደግሞ ክቡር የመዝገብ ቤት ሹም። የራሳቸው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ ለጊዜው ነው፤ ጊዜውም ጸጉራቸውን አሽብቶ ገና አላለቀም።

እኔ መስኮት አንድ ነኝ። ከዋናው በር ስትገቡ በስተግራ፣ ክብ ቀዳዳ ያለው መስታወት ጀርባ ተቀምጬ የሕዝብ አቤቱታ እቀበላለሁ። ቋሚ አይደለሁም፤ በየዓመቱ የሚታደስ ኮንትራት ነው ያለኝ። ባለቤቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ ወገቡን ከተጎዳ ወዲህ ቤት ነው የሚውለው። ሁለት ሴት ልጆች አሉን። ስለዚህ ይህቺ መስኮት ከተዘጋች የእኛም ጎጆ አብሮ ይዘጋል ማለት ነው። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ በጋሽ ደርብ ስሥቅም ሆነ ሳማርር የት ቁጭ ብዬ እንደሆነ እንድታውቁት ነው። የሰውየው "ወዲህ በሉት" ለሌላው ሰው ጨዋታ ነው። ለእኔ ግን ጎረቤት ግቢ ውስጥ ዛፍ ሲቆረጥ እንደ መስማት ነበር።

ወንበሮቹ ለምን ባዶ እንደሚቀሩ ማወቅ ከፈለጋችሁ የፋይናንስ ኃላፊያችንን መስማት ነው። በሌሉበት "መቀስ" እንላቸዋለን፤ በፊታቸው ግን ጌታዬ ናቸው። በየስብሰባው ተነሥተው ይህንኑ ይናገራሉ፤ "ከምናገኘው ገንዘብ የሚበዛውን ደመወዝ ይበላዋል። ለመንገድና ለውኃ የሚተርፈን ፍርፋሪ ነው። ክፍለ ሀገሩ የሚኖረው ለራሱ ሠራተኛ ነው ወይስ ለሕዝቡ?" ይላሉ። ሰውየው አልዋሹም። እኔ ጠዋት ወደ ሥራ ስመጣ የምሻገረው ጉድጓድ ልጆቼ ሳይወለዱ የተቆፈረ ነው፤ አሁን ታናሽየዋ ዘልላ ታልፈዋለች። ደመወዝ ይበላዋል ሲሉ ግን ደመወዙን ደግሞ የሚበላው ማን እንደሆነ እኛ ሠራተኞቹ እናውቃለንና አንገታችንን ደፍተን እንሰማለን። በመጨረሻም መቀስ እጃቸውን ወደ ጥግ ይዘረጋሉ። "ሁላችሁም እንደ ጋሽ ደርብ ብትሆኑ ኖሮ ይህን መንገድ አስፋልት አልብሼው ነበር!" ጋሽ ደርብ ጥጉ ላይ ቃለ ጉባኤ እየያዙ ይህን ስለ ራሳቸው የተባለውን ምስጋና ይዘልሉታል፤ "ከአጀንዳው ውጪ ነው" ብለው።

ስለ ሥራ አያያዛቸው ደግሞ አንዱን ልንገራችሁ። አንድ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ዴስክ ፍለጋ ከሩቅ መጣ። አቧራውን ሳያራግፍ ንብረት ክፍል ገባ። ጋሽ ደርብ ንብረት ክፍል ሲቀመጡ ግራጫ ጋዋን ይለብሳሉ፤ አዝራሩንም እስከ አንገታቸው ይቆልፋሉ።

"ጌታዬ፣ ልጆቹ መሬት ላይ ነው የሚቀመጡት" አለ ርዕሰ መምህሩ።

"አዝናለሁ፣ በመጋዘን የለም። እንዲገዛ ለግዢ ክፍል እመራልሃለሁ።" ጻፉ፣ ፈረሙ፣ ማኅተሙን እፍ ብለው መቱ። "የኮሪደሩ መጨረሻ በር ነው፣ በርታ።"

ሰውየው ሄዶ አንኳኩቶ ባዶ ክፍል ገባ። ትንሽ ቆይቶ ጋሽ ደርብ በጓሮ በር መጡ፤ አሁን ጋዋን የለም፣ ኮት ነው። ተቀመጡ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"እሺ ወንድሜ፣ ምን ልርዳህ?"

"እንዴ! አሁን እኮ ነገርኩዎት።"

"ለማን ነገርከው?"

"ለእርስዎ!"

"ለንብረት ክፍል ይሆናል የነገርከው። እኔ ግዢ ነኝ። እስቲ ደብዳቤህን ወዲህ በለው።" ደብዳቤውን እንደ እንግዳ ነገር ገለባብጠው አነበቡት፤ ግንባራቸው ተቋጠረ። "ማነው እንዲህ አድርጎ የጻፈው? ብዛቱን አልገለጸም። ወደ ንብረት ክፍል መልስልኝና ያስተካክል።"

ርዕሰ መምህሩ ላቡን እየጠረገ እኔ መስኮት መጣ። "እህቴ፣ እዚህ ቤት ውስጥ መንታ ወንድማማቾች አሉ?" አለኝ። ከልቡ ነበር የጠየቀኝ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሲባል ሰምተናል፤ ጋሽ ደርብ ግን አብዬም እምዬም ራሳቸው ናቸው። ደግሞ ሐሜቱን ብቻ ተናግሬ ብተው ኃጢአት ይሆንብኛል፤ ዴስኮቹ በዚያው ሳምንት ደረሱ። በየወንበሩ ሰው ሞልቶ በነበረበት ዘመን ቢሆን ልጆቹ መሬት ላይ እንደተቀመጡ ተምረው ይመረቁ ነበር።

አንድ ቀን ሻይ ላይ ያዝኳቸው። "ምነው ጋሽ ደርብ፣ ሰውን ከሚያንከራትቱ አንድ ቦታ ቁጭ ብለው ቢጨርሱለት?"

ሻያቸውን አስቀመጡ። "ልጄ፣ የሚጠይቀው፣ የሚፈቅደውና የሚያወጣው አንድ ሰው ከሆነ ሌባ በየት እንደገባ አይታወቅም። ሕጉ ለየብቻ ይሁን ይላል። ሰው ባይኖርም ሕጉ አለ።"

"ታዲያ እርስዎ ራስዎን ይጠራጠራሉ እንዴ?"

ዙሪያቸውን ቃኙና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "የግዢውን ሰውዬ ብዙም አላምነውም" አሉኝ። ቀልዳቸው ነው ብዬ ፊታቸውን አየሁ፤ ቀልድ የሚባል ነገር አልነበረበትም።

ከሁሉ የሚብሰው ግን የማስጠንቀቂያው ጉዳይ ነው። ጋሽ ደርብ ስምሪት ሆነው ያለችውን አንዲት ፒካፕ ክትባት እንድታደርስ ወደ ጤና ጣቢያ ላኳት። በዚህ ምክንያት ጋሽ ደርብ ግዢ ሆነው መድረስ የነበረባቸው የጨረታ መክፈቻ ላይ አልደረሱም። ጋሽ ደርብ የሰው ኃይል ሆነው ይህን አስተዋሉ። በሥራ ላይ ቸልተኝነት ነው አሉና ለራሳቸው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ጻፉ። ተቀብለው ፈረሙበት፤ ከዚያም "ክትባቱ ይቀድማል" ብለው የተቃውሞ መልስ አስገቡ። ነገሩ ሲካረር ለዲሲፕሊን ኮሚቴ ቀረበ።

የኮሚቴው ሰብሳቢ እሳቸው፣ አባሏ እኔ ነኝ፤ ሌላው አባል ጡረታ ወጥቷል። ሰብሳቢው ጉዳዩ በቀጥታ ስለሚነካቸው ከስብሰባው ወጡና ኮሪደር ላይ እጃቸውን አጣምረው ቆሙ። እኔ ብቻዬን ከባዶ ወንበሮች ጋር ተመካከርኩ። ማንም አልተቃወመኝም። በሩን ከፍቼ "በምክር ታልፏል ጋሽ ደርብ፣ ይግቡ" አልኳቸው። ገቡ፣ ተቀመጡ፣ ብዕራቸውን አነሡና "ውሳኔው ላልቷል" ብለው የልዩነት ሐሳባቸውን አስመዘገቡ።

ይህን ሁሉ ማታ ማታ ለባለቤቴ አወራለት ነበር። ከአልጋው ላይ ሆኖ ይጠብቀኛል፤ ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ "ዛሬስ የማንን ወንበር ዋጡ?" ይለኛል። ወገቡ እያመመው ይሥቅ ነበር፤ "አታስቂኝ አንቺ ሴትዮ፣ ያመኛል" እያለ ቀጥይ ይለኛል። እኛ ቤት ቴሌቪዥን ተበላሽቶ የከረመው ጋሽ ደርብ ስላሉ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ሣቁ የቀነሰው መዝገብ ቤት ባዶ የሆነ ጊዜ ነው። የመዝገብ ቤቷ እናታችን ጡረታ ሲወጡ የጥበቃው አባባ ልጅ ለዚያ ቦታ ተስፋ አድርጋ ነበር። ትምህርቱንም ለዚሁ ብላ ነው የተማረችው። አባቷ ለወር ያህል ጫማቸውን እየወለወሉ ነበር በር ላይ የቆሙት። ደብዳቤዋ መጣች። ጋሽ ደርብ "ወዲህ በሉት" አሉ። ልጅቷ አሁን ከግቢው በር ውጪ ጥላ ዘርግታ የስልክ ካርድ ትሸጣለች። ጋሽ ደርብ በየጠዋቱ ቆመው ካርድ ይገዟታል፤ ከቤትና ከቢሮ በስተቀር የትም ደውለው የማያውቁት ሰውዬ። ይሄኔ ሠራተኛው በኩርፊያ ይተያያል። "እኚህ ሰው አንድ ቀን ሁላችንንም ደርበውን ብቻቸውን ይቀራሉ" ያለው ሒሳብ ሹሙ ነው። እኔም አልተቃወምኩትም፤ በሆዴ መስኮቴን እያሰብኩ ነበር።

የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? በጀት መዝጊያው ሲቃረብ መቀስ ራሳቸው ወደ መስኮቴ መጡ። እንደ ማንኛውም ባለጉዳይ ጎንበስ ብለው በክቡ ቀዳዳ አናገሩኝ።

"እህቴ፣ በግል እንዳትወስጂው። የኮንትራት ቦታዎችን ማጠፍ ግድ ሆኖብኛል። የአንቺንም ለነገው ስብሰባ አቀርባለሁ።"

"መስኮቷን ማን ይይዛታል ታዲያ?"

መልሱን ሁለታችንም ስለምናውቀው አልመለሱልኝም። መስታወቱን ዳበስ ዳበስ አድርገው ሄዱ።

መስኮቷን ዘግቼ በቀጥታ ወደ ጋሽ ደርብ ሄድኩ። መዝገብ ቤት ነበሩ፤ መሰላል ላይ ቆመው ፋይል ይመልሳሉ። ከታች ሆኜ ነው ያናገርኳቸው።

"ጋሽ ደርብ፣ ነገ የኔ መስኮት ይቀርባል።"

"ሰምቻለሁ።"

"እና... ወዲህ በሉት ሊሉ ነው?"

ከመሰላሉ አልወረዱም። "ልጄ፣ እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የታዘዝኩትን አልችልም ብዬ አላውቅም" አሉኝ። ይህንን ሲሉ ዓይናቸው ፋይሉ ላይ ነበር። ከዚህ በላይ ምን እላለሁ? የሰው ፊት እሳት ነው፤ ደግሞ መለመን አይሆንልኝም። ወጣሁ።

ቤት ስገባ ባለቤቴ "ዛሬስ የማንን" ብሎ ጀመረና ፊቴን አይቶ ተወው። ነገርኩት።  ከዚያ የበሩን መቃን ጨብጦ ተነሣ። "ወገቤ እኮ ተሽሎታል" አለኝ። "እውነቴን ነው። ትንሽ ቀን ስጪኝ እንጂ መሪ እይዛለሁ።" ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሎ ነበር። እኔም "አዎ፣ ዛሬ ቀለል ብሎሃል" አልኩት። ሁለታችንም ስንዋሽ ልጆቹ የቤት ሥራቸውን ይሠሩ ነበር።

በማግስቱ አዳራሹ ሞላ። የኮንትራት ሠራተኛ ስለሆንኩ ከኋላ፣ ከተቆለሉት ወንበሮች አጠገብ ተቀመጥኩ። መቀስ ስለ ደመወዝና ስለ ፍርፋሪው፣ ስለ መንገዱም ተናገሩ። የእኔ ተራ ሲደርስ ድምፃቸውን ለስለስ አደረጉት። ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ይሻለኝ ነበር፤ እጠላቸውና ይወጣልኝ ነበር።

"መስኮት አንድ ይታጠፋል። ሥራው ግን አይቆምም። ጋሽ ደርብ፣ እንደ ልማድዎ..." ብለው እጃቸውን ወደ ጥጉ ዘረጉ።

ሁሉም ሰው ጥጉን አየ። አንዳንዱ ያቺን "ወዲህ በሉት" ከአሁኑ በከንፈሩ እያላት ነበር። ጋሽ ደርብ የያዙትን ብዕር አስቀመጡ። ክዳኑን ፈልገው ከደኑት። ተነሡ።

"አልችልም" አሉ።

 መቀስ ፈገግ አሉ። "ምኑን ነው የማይችሉት?"

"መስኮት አንድን ደርቤ መሥራት አልችልም።"

"ጋሽ ደርብ! ይቺ እህታችን ከመቀጠሯ በፊት መስኮቷን የያዟት እርስዎ አልነበሩም እንዴ?"

"ነበርኩ።"

"ታዲያ?"

"ያኔም አልቻልኩም። አልተናገርኩም እንጂ።"

ጋዋናቸውን እንደለበሱ ነበር የመጡት። አንገታቸው ላይ ያለውን አዝራር ፈቱት። "አንዲት እናት መጡ። ጎረቤታቸው ግንብ ሲሠራ የቤታቸውን መውጫ ዘግቶባቸው። ነገሩን ከሥሩ ሊያስረዱኝ ጀመሩ። እኔ ግዢ ክፍል ሰው እየጠበቀኝ ነበር። 'እማማ፣ ነገ ይመለሱ' አልኳቸው። በማግስቱ መጡ፤ ስምሪት ላይ ነበርኩ። ሌላም ቀን መጡ አሉ፤ ኮሚቴ ላይ ነበርኩ። ከዚያ በኋላ አልመጡም። ቤታቸው የት እንደሆነም አልጠየቅኳቸውም፤ ስላልጠየቅኩ ሄጄ ላገኛቸው አልቻልኩም።" ወደ ሰዉ ዞሩ። "እናንተ ጋሽ ደርብ ሁሉን ይችላል ትላላችሁ። ወንበር እችላለሁ። ፊርማ እችላለሁ። ሰው ማዳመጥ ግን ሌላ ሥራ ላይ ተደርቦ አይሠራም፤ ሞክሬዋለሁ።"

"የመንገዱስ ነገር?" አሉ መቀስ፤ አሁን ፈገግታው የለም።

"መንገዱ እውነትዎን ነው፣ ያስፈልገናል። ግን መንገዱ ሲሠራ በሩ የሚዘጋበት ሰው ወዴት ሄዶ ይንገር?"

 ጋሽ ደርብ መልስ አልጠበቁም። "ይህ ንግግሬ በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ" አሉ። ከዚያ ተቀመጡ፣ ብዕራቸውን ከፈቱ፣ "እሺ፣ ይያዛል" ብለው ለራሳቸው መለሱና መጻፍ ጀመሩ።

መጀመሪያ የሣቀው ሒሳብ ሹሙ ነው፤ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ፤ በመጨረሻ መቀስም ራሳቸውን እየነቀነቁ ሣቁ። እኔ አልሣቅኩም።  መቀስ ወረቀታቸውን አገላብጠው አገላብጠው "እንግዲህ መስኮት አንድ ትቆይ፤ ከሌላ ቦታ እፈልጋለሁ" አሉ። ፈልገውም አገኙ። የስብሰባ ሻይና ብስኩት ተቆረጠ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ውኃ እየጠጣን ነው የምንሰበሰበው፤ ስብሰባዎቹም አጠሩ።

ያቺ አንዲት ቃል ለጋሽ ደርብ በርካሽ አልወጣችላቸውም። በየዓመቱ የሚሰጣቸው የምስጋና ወረቀት ዘንድሮ ቀረ። "አረጁ እኮ" የሚል ሐሜት በኮሪደሩ ዞረ። አንዴ አልችልም ካሉ ወዲህ ግን ለመዝገብ ቤትም የቅጥር ማስታወቂያ ወጥቶ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ፤ የለጠፉት ራሳቸው ናቸው፣ የሰው ኃይል ሆነው። የጥበቃው አባባ ልጅ ትቀጠር አትቀጠር ፈተናው ያሳየናል። ማስታወቂያውን ግን ጥላዋ ድረስ ሄደው በቃል ያነበቡላት እሳቸው መሆናቸውን አባቷ ነግረውኛል።

እኔም ላመሰግን ሄድኩ። ንብረት ክፍል ነበሩ። ገና "ጋሽ ደርብ፣ እግዜር..." ከማለቴ እጃቸውን አነሡ። ተቆጥተዋል።

"ለምንድነው የምታመሰግኚኝ? ላንቺ ብዬ የዋሸሁ መስሎሻል?"

እውነቱን ለመናገር መስሎኝ ነበር። ባለቤቴም ማታውን ሙሉ "ምን ዓይነት የተባረከ ውሸት ነው!" ሲል ነበር።

"ሴትየዋ እውነት ናቸው" አሉ። "አንቺ መስኮቷን ከተቀበልሽኝ ወዲህ ነው እንቅልፍ የተኛሁት። ጠዋት ሳልፍ አይሻለሁ፤ የሚያወራው ሰው ሳይጨርስ ብዕር አታነሺም። እኔ ነኝ ማመስገን የነበረብኝ፣ ስንት ዘመን!"

"ታዲያ ለምን አላመሰገኑኝም ጋሽ ደርብ?"

ግራ ተጋብተው አዩኝ። ከዚያ በቁም ነገር ጠየቁኝ፤ "በየትኛው ክፍል?"

አንጀቴን በሉት። እኚህ ሰው ያን ሁሉ ወንበር ይዘው ለአንድ ሰው "አመሰግናለሁ" የሚሉበት ወንበር አጥተው ነው የኖሩት። መሣቅም ማልቀስም ቃጣኝና ሁለቱንም ዋጥ አድርጌ "መስኮት አንድ ይቀበላል፣ ጠዋት ክፍት ነው" ብያቸው ወጣሁ። እንደ ጨዋታ ነበር ያልኩት።

ጠዋት መጋረጃውን ስገልጥ ሰልፉ እንደ ወትሮው እስከ ደረጃው ድረስ ነው። መሐል ላይ፣ አንድ የታጠፈ ወረቀት ከያዘ ገበሬ ፊት ጋሽ ደርብ ቆመዋል። ጋዋን አልለበሱም። ሰዎቹ ለይተዋቸው "አለቃ ናቸው፣ አሳልፏቸው" ይባባላሉ፤ እሳቸው ደግሞ "የለም፣ የለም፣ ዛሬ ባለጉዳይ ነኝ" እያሉ ይመልሷቸዋል። ግዢ ክፍል ሰው እየጠበቃቸው እንደሆነ አውቃለሁ። ተራቸው እስኪደርስ አንድ ጊዜ እንኳ ሰዓታቸውን አላዩም።

ደረሱ። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሳይሆን ወደ ዓይናቸው አወረዱና በክቡ ቀዳዳ በኩል አዩኝ።

"ምን ልርዳዎት?" አልኩ።

"ምስጋና ይዤ ነው።"

"ለማን ነው?"

"ለመስኮት አንድ" አሉ። ከዚያም ለብዙ ዓመት የተጠራቀመ ነገር ስለሆነ አንድ በአንድ መናገር ጀመሩ። እኔም ብዕሬን አስቀምጬ እስኪጨርሱ ሰማኋቸው።

ሲጨርሱ ባርኔጣቸውን ነካ አድርገው ወደ በራቸው ሄዱ። ከኋላቸው የነበረው ገበሬ ወደ መስታወቱ ተጠጋ፤ ወረቀቱን መስጠት ረስቶ አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን ያያል።

"እንዴ እህቴ፣ እዚህ ቤት ምስጋናም ትቀበላላችሁ እንዴ?"

"ከዛሬ ጀምሮ" አልኩት ዓይኔን በእጅጌዬ እየጠረግሁ። "አንተስ ምን ይዘህ መጣህ? ከሥሩ ንገረኝ።"